አሳዳሪው ጭቃ

ከየቡ ከተማ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሚያልቅበት፣ ልክ ከአጥሬ ፊት ለፊት አንድ የጭቃ ጉድጓድ ነበር። አገሬው «አሳዳሪው» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ እኔ ሚስት አግብቼ ከጅማ፣ ከበቾ ቦሬ ወደዚህ ስመጣ ስሙም ጭቃውም ቀድመውኝ ነበሩ። ክረምት ከገባ በኋላ፣ በተለይ ከሰዓት፣ አሳዳሪውን ያለፈ ሾፌር ካለ የእናቱ ምርቃት የደረሰለት ነው ይባል ነበር። የቀረው ይሰምጣል። ሾፌሩ ይሳደባል፣ ተሳፋሪው ጫማውን በእጁ ይዞ ይወርዳል፣ ወርዶም ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ቤት ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። መኪናዬን በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ስሰፋ ኖሬአለሁ። መኪናዬ ስል የስፌቷን ነው፤ ሌላ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። የሰመጠ መኪና ሲገፉ ሱሪያቸው የተተረተረባቸውን፣ ቁልፋቸው የተበጠሰባቸውን ሰዎች ልብስ ስንቱን ሰፍቻለሁ። አላስከፍልም። በጭቃ የተያዘ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አይከፍልም።

ይህ የእኔ ደግነት አይደለም፤ የአገሩ ደንብ ነው። መኪና የተያዘበት ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ለጭቃው ቅርብ የሆነው ቤት ይቀበለዋል። ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ አይባልም፤ መጀመሪያ የእግር ውሃ ይቀርብለታል። ጎረቤቱ ደግሞ ገለባ ያመጣል። ከቁልቁለቱ በላይ የቡና መቀሸሪያ ቤት አለ፤ ማሽኑ የሚተፋውን የቡና ገለባ ሁላችንም በጆንያ እያመጣን በየአጥራችን ሥር እንከምራለን። ጎማ ሲሰምጥ ያ ገለባ እየተዛቀ ከጎማው ሥር ይነሰነሳል። አንዳንዴ መኪናው ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭቃው ገለባውንም ይውጥና ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ እንግዳው ያድራል።

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የእንግዳን መምጣት የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ተነስታ ድስቱ ላይ ውሃ ትጨምራለች። «ምነው አንቺ፣ ወጡን አቀጠንሽው እኮ» እላለሁ። «ሰው እየመጣ ነው» ትለኛለች። ሰውም ይመጣል። ቡና ነጋዴ አድሯል፣ አዲስ የተመደበች አስተማሪ ከነሻንጣዋ አድራለች። አንድ ክረምት ቄስና ሼህ ከአንድ ሚኒባስ ወርደው እኛ ቤት አደሩ። ጾም ነበርና ባለቤቴ ለቄሱ ለብቻ ሽሮ ሠራች፤ ሼሁ ሽታው ሲደርሳቸው የቀረበላቸውን ወጥ ገፋ አድርገው «እኔም ከእሳቸው ጋር» አሉ። ሙሽራ እንኳ ከነሚዜዎቿ አድራለች። የቬሎዋን ጫፍ ባለቤቴ አጥባ፣ እኔ ሰፍቼ፣ ጧት ሸኘናት።

እኔ ግን ነጭናጫ ሰው ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቤቴን ሆቴል አደረጋችሁት» እያልኩ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ እያጉረመረምኩ አልጋዬን እለቃለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «ማሎ፣ እባክህ፣ የአንተ አፍና እጅ እኮ አይተዋወቁም» ትለኝ ነበር።

አንድ ልጅ ናት ያለችን። ጅማ ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ አግብታ መንደራ ቆጪ ትኖራለች። በክረምት ስትመጣ ሁልጊዜ «ዛሬውኑ እመለሳለሁ» እያለች ነው የምትገባው። አሳዳሪው ግን አይሰማትም። ያመጣት ሚኒባስ ይያዛል፣ ወይም ሊወስዳት የሚመጣው ከቁልቁለቱ በላይ ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ ቦርሳዋን እንዳነገተች በረንዳ ላይ ትንቆራጠጣለች፣ ለአለቃዋ ትደውላለች፣ መንገዱንም መንግሥትንም አንድ ላይ ትረግማለች። ከዚያ ተስፋ ትቆርጥና ትገባለች። በሩ አጠገብ እናቷ የመታችላት አንድ ምስማር አለ፤ ቦርሳዋን እዚያ ላይ ትሰቅላለች። ቦርሳው ምስማሩ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እንደ ድሮዋ ልጄ ትሆናለች። ከእናቷ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ደርባ፣ የመንደሩን ሐሜት ከሥር ከሥሩ እየጠየቀች ታመሻለች። ከወለደች በኋላም እንዲሁ ነበር። የልጅ ልጆቼ ገለባው ክምር ላይ እየተንከባለሉ ቡና ቡና እየሸተቱ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ የጭቃው ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም። እንደ ማንኛውም ሰው መንገዱ እንዲሠራ እፈልግ ነበር።

መንገዱ የሚሠራው ደግሞ በፌዴራል በጀት ነው ተባለ። ወረዳው አቅም የለውም፣ ዞኑም አቅም የለውም፤ አቅም ያለው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በጀትን እንደ ሩቅ ዘመድ እንጠብቀው ጀመር። ከየቡ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይጠየቃል።

«በጀት ተነስቷል ወይ?»

«ተነስቷል ይላሉ። ጅማ ደርሷል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃል?»

«እኔ እንጃ፤ መንገዱ ተበላሽቶበት ይሆናል።»

እንዲህ እየተባባልን ስንስቅ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ወሬው እውነት ሆነ። ከወረዳ ሰው መጥቶ፣ በፌዴራል ገንዘብ ከሚታደሱት መንገዶች የእኛም አንዱ ሆኖ መታጨቱን፣ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጥተው እንደሚያዩት፣ የባሰበት መንገድ እንደሚቀድም ነገረን። የሚመጡበትንም ቀን ቆርጦ ነገረን። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነበር፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

በመንደራችን ሁላችንም «ሐጂ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው አንድ አዛውንት አሉ። በዚያው ምሽት ሰበሰቡን። «ያ ጀመዓ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ እንግዳ ደጃችን ላይ ጭቃ ውስጥ ሊወድቅ ነው? ሰው ምን ይለናል?» አሉ። አንድም የተቃወመ የለም። እኔ ራሴ «እውነት ነው፣ ነውር ነው» ብያለሁ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ዘመቻ ወጣ። ገለባ ከየአጥሩ ሥር ተዛቀ፣ ከመቀሸሪያው ቤትም በጋሪ ተጨመረ። ጉድጓዱን በድንጋይ ሞላን፣ በላዩ ገለባ ደለደልን፣ በገለባው ላይ አፈር በተንን፣ ከዚያ በእግራችን እየጨፈርን ጠቀጠቅነው። ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከሁሉም በላይ ትረግጥ ነበር። አመሻሽ ላይ አሳዳሪው ድንኳን የሚጣልበት የሠርግ ቤት ግቢ መስሎ ነበር።

ቀኑ ደረሰና ነጭ ፒካፕ መጣ። ንጹሕ ልብሳችንን ለብሰን በየአጥራችን ዳር ቆመናል፤ በግ ታርዶ ምሳ ቀርቧል። ፒካፑ ቁልቁለቱን ወረደ፣ አሳዳሪው ላይ ደረሰ፣ ሳይንገጫገጭ አለፈ። ከውስጥ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው እጁን አውለበለበልን። እኛም አውለበለብን። እስከ መንገዱ ማለቂያ ሄደው ሲመለሱም አልቆሙም። ሐጂ «ምሳ! ምሳ ብሉ!» እያሉ ጥቂት ከተከተሉ በኋላ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «እናመሰግናለን አባባ፤ መንገዳችሁ ጥሩ ስለሆነ በጊዜ ጅማ እንገባለን» አላቸው።

ምን እንደሠራን የነገረን ቡና ሊጭን የመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። አሳዳሪው ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና መሬቱን በእግሩ ጫር ጫር አደረገው።

«ጭቃውን የት ደበቃችሁት?» አለ።

ነገርነው። እንግዳ ስለሚመጣ ብለን፣ ነውር እንዳይሆንብን ብለን። የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች! ሐኪም ሊያያችሁ ሲመጣ ቁስላችሁን በዱቄት ትቀባላችሁ እንዴ?»

ያኔ ነው እርስ በርስ የተያየነው። ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው በትራቸው ላይ ተደግፈው ቀሩ። ባለቤቴ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ስትታገል አየኋትና ተናደድኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። በጉን ግን በልተነው ነበር። በጀቱ የባሰበት ወደተባለ ሌላ መንገድ ሄደ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዘነበና አሳዳሪው ገለባችንን፣ ድንጋያችንንና ጭፈራችንን ውጦ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ባለቤቴ የሞተችው ቀጥሎ በመጣው በጋ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መንገዱ ገደላት እንድል ይጠብቃል። አልገደላትም። መንገዱ ደረቅ ነበር፣ አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጣ፣ የትም ሳይያዝ ጅማ ገባ፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ። የምወቅሰው ጭቃ እንኳ አልነበረኝም። ቀበርናት። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ልጄ ጥቂት ቀናት አብራኝ ቆየችና እሷም ሄደች።

ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት በድስቱ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ሳላስበው ተነስቼ ውሃ እጨምራለሁ። የእኔ ወጥ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት የለየለት ሾርባ ይሆናል። እንግዳ የመጣ ቀን ግድ የለም፤ በጨዋታ ይበላል። እንግዳ ካልመጣ ያንን ሾርባ ለብቻዬ እየበላሁ የግድግዳውን ሰዓት አዳምጣለሁ። ክረምትን ለመጀመሪያ ጊዜ የናፈቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጭቃ ናፈቀኝ የሚል ሰው አማኑኤል ይላካል።

ልጄ በክረምት መምጣት ቀነሰች። «አባዬ፣ ጭቃ ያዘኝ እያልኩ አለቃዬ ሰልችቶታል። ልጆቹም ትምህርት አላቸው። መንገዱ ይሠራ እንጂ ወላሂ በየሳምንቱ ነው የምመጣው» አለችኝ በስልክ።

ይህችን ቃል ያዝኳት። ነጭናጫው ሰውዬ መርፌዬን ሰክቼ ለመንገዱ ተነሳሁ። ሐጂን አስከትዬ የቡ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ጅማ፣ ዞን ድረስ ተመላለስኩ። እዚያ ዞኑ ቢሮ አንድ ወጣት ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ «የእናንተ መንገድ እኮ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል ተብሎ ነው የተያዘው» አለን። ሐጂ አቀረቀሩ።

«ልጄ» አልኩት፣ «እናንተ የያዛችሁት መንገዱን አይደለም፣ የእኛን እንግዳ አክባሪነት ነው።» የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲስቅ ጊዜ፣ «በል አሁን ደግመው ይዩት። ግን በሐምሌ ይምጡ፤ ሲመጡም አይንገሩን» ብዬ ለመንኩት።

በሐምሌ መጡ፤ አልነገሩንምም። አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ነጭ ፒካፕ ቁልቁለቱን ወርዶ አሳዳሪው መሃል ቁጭ አለ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሐጂ ግን ከወራት በፊት ጀምሮ ሲያስጠነቅቁን ነበር፤ «የመንግሥት መኪና ሲያዝ ማንም ገለባ እንዳይነካ፤ ይዩት» ብለውናል። ስለዚህ እጃችንን አጣጥፈን ቆመን አየናቸው። ጎማው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ይረጫል። መሐንዲሷ፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ልውረድ ብላ እስከ ጉልበቷ ገባች። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። መጨረሻ ላይ አልችል ያሉት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። «በቃ! አይተዋል! አምጡ!» ብለው ጮኹ፤ ገለባው ከየአጥሩ ጎረፈ። ግን መኪናው ገለባ ከሚያወጣው በላይ ሰምጦ ነበር።

እኔ ቤት አደሩ፤ መሐንዲሷ፣ ሾፌሩና አንድ ዝምተኛ ቀያሽ። ዝናቡን እየሰማሁ ድስቱ ላይ ውሃ ጨመርኩ፤ በእውነት ስለሚያስፈልግ ስጨምር ደስ አለኝ። ሾፌሩ «ይሄ ሾርባ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ፤ ዶሮ ነው አልኩት፤ ሁሉም ሳቁ። ለመሐንዲሷ የባለቤቴን አልጋ ሰጠኋት፣ የሐጂ ልጅም አብራት እንድታድር መጣች። የተቀደደ ጃኬቷን እየሰፋሁ ሳለሁ መሐንዲሷ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አባባ፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን አይደለሁም፤ ጭቃው አለ» አልኳት።

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «መንገዱ ሲሠራ ልጆችዎ ይመጡልዎታል» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ጧት መንደሩ ሁሉ ገፍቶ አወጣቸው። ሾፌሩ «ይሄ መንገድ ካልተሠራ እኔ ሥራ እለቃለሁ» እያለ ሄደ። ቤቱን ስጠርግ፣ ፍራሾቹን ስጠቀልል፣ ሳላውቀው አንጎራጉር ነበር።

በጀቱ መጣ። ግሬደር መጣ፣ ሮለር መጣ፣ ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ። አስፋልት አይደለም፤ ግን ለእኛ ከአስፋልት አያንስም። አሳዳሪው ሆድ ውስጥ ትልልቅ ቱቦዎች ተቀበሩበት፣ ግራና ቀኝ ቦይ ወጣለት፣ በላዩ ገረጋንቲ ለብሶ ተጠቀጠቀ። ሲመረቅ የተቆረጠውን ቀይ ሪባን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከሙሽራ ልብስ የተረፈ ሳቲን ነበረኝ። በፌዴራል መንግሥት በጀት መሠራቱን የሚናገረውን ሰሌዳ አጥሬ ጥግ ተከሉት። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ አሚን አልኩ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ድስቱ ላይ ውሃ ጨምሬ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ልማድ ነው። መኪኖቹ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ መጡ፣ አለፉ። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። የተሳፋሪዎቹ መስኮት ተዘግቷል፣ ጉም ይዞታል፣ ፊታቸው አይለይም። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሱሪ የሚቀደድበት ሰው የለም፤ የተቀደደበትም ጅማ ወርዶ ቦንዳ ልብስ ይገዛል። መንደሩ ደስተኛ ነው፣ ደስ ሊለውም ይገባል። የታመመ በጊዜ ይደርሳል፣ ቡናው በጊዜ ይወጣል። ይህን ስለማውቅ ማማረር አልችልም፤ ማማረር ለማይሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ ቅጣት ነው።

ልጄ ቃሏን ጠበቀች። በየሳምንቱ ባይሆንም ትመጣለች። ረፋድ ላይ ትገባለች፣ ምሳ ትበላለች፣ መድኃኒቴን ታያለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ከአስር ሰላት በፊት ትሄዳለች። ስትቀመጥ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። ምስማሩ በሩ አጠገብ ባዶውን አለ። አንዳንዴ ልጆቹን ታመጣለች፤ እነሱም ገለባውን ረስተውታል፣ ስልክ ይዘው ጥግ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ልትነሳ ስትል ሰማዩ ጠቆረ። «ዝናብ እየመጣ ነው» አልኳት።

ወደ ውጭ ተመለከተች። «አባዬ፣ መንገዱ እኮ አሁን ጥሩ ነው» አለችኝ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ።

ምን እላለሁ? ለዚህ መንገድ ዞን ድረስ ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህንን ነው። ሸኘኋት፤ መኪናዋ ዳገቱን ወጥታ እስክትሰወር ሰሌዳው ሥር ቆሜ አየሁ።

ጭንቀቴን ሐጂ ሳያዩት አልቀሩም። ከመስጊድ ስንወጣ «አንተ ሰው፣ መንገዱ እንደሆነ ወደዚህ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ወደዚያም ይሄዳል። ለምን አንተ አትሄድም?» አሉኝ። ይህን ለማሰብ ሌላ ሰው ማስፈለጉ አናደደኝ። በሳምንቱ ቦርሳ አዘጋጀሁ። ለልጆቹ ማር፣ ለልጄ አቮካዶ፣ ከሥር ደግሞ ሽርጤንና ጋቢዬን አጣጥፌ ከተትኩ። ሁለት ሦስት ቀን ለመቆየት ነበር ሐሳቤ። ግን ይህን ለማንም አይናገሩትም። በእኛ ዘንድ ልደር ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ የለም፤ ወይ ባለቤቱ እደር ይለዋል፣ ወይ ጭቃው ይለዋል።

ሚኒባሱ ከደጄ አንስቶኝ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ጅማ ደረሰ። በባጃጅ መንደራ ቆጪ ገባሁ። ልጄ በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች።

«አባዬ! ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። መንገዱን ልየው ብዬ ነው» አልኩ።

አቀፈችኝ። ምሳ ሠራች፣ ጥሩ ምሳ፣ ወጡ ወፍራም። ማሩንና አቮካዶውን አውጥቼ ሰጠኋት። ቦርሳዬን የምሰቅልበት ነገር በዓይኔ ፈለግኩ። ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ ነው፣ ምስማር የሚባል የለውም፤ መሬት እንዳላስቀምጠው ምንጣፉ ያምራል። ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ሳሙኝና ወደ ጥናታቸው ገቡ። ልጄ ከሥራ ስልክ እየተደወለላት ወጣ ገባ ትላለች፤ በመጣች ቁጥር ቦርሳዬን አየት ታደርጋለች። ሻይ ጠጣን። አስር ሰገድኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግኩ።

«አባዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ቸኩለሃል መሰለኝ። ሚኒባስ እንዳያመልጥህ ልሸኝህ? መንገዱ ደግ ነው፣ ሳይመሽብህ ትገባለህ።»

«አዎ፣ መንገዱ ደግ ነው» አልኩ። ተነሳሁ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፣ ቦርሳዬን ተቀብላ ያዘችልኝ፣ መስኮት ዳር አስቀመጠችኝ። ቦርሳውን መልሳ ስትሰጠኝ ክብደቱን ለካችው መሰለኝ፤ «ውስጡ ምን አለ ደግሞ?» አለች። «ዕቃ ነው» አልኳት። ሚኒባሱ ተነሳ።

ሾፌሩ አዲስ ልጅ ነው፣ የእኛን አገር አያውቅም። የቡን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር «አሳዳሪው ጋ አውርደኝ» አልኩት።

«አሳዳሪው ማን ነው አባባ? ሰው ነው?» አለኝ።

እስክመልስለት ድረስ አለፍነው። ወራጅ አለ ብዬ ስጮህ ዳገቱን ጀምረናል፤ ቆሞ የሚያወርድበት ቦታ እስኪያገኝ ማዶ ደርሰናል። የአገሩ መኪና ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይቆምበት በነበረው ደጅ ላይ እኔን ማውረድ አልተቻለም። ቦርሳዬን ይዤ በካፊያው ወደ ኋላ ሄድኩ።

ስሄድ የማስበው የልጄን ቦርሳ ነበር። እኔ ጭኔ ላይ ያደረግኩት የምሰቅልበት አጥቼ ነው፤ እሷ ግን ቸኩለሃል አለችኝ። ታዲያ የእሷስ? በመጣች ቁጥር ጭኗ ላይ ሲሆን ቸኩላለች ያልኩት እኔ አይደለሁ? ዝናብ እየመጣ ነው አልኳት እንጂ እደሪ ብያታለሁ? አላልኳትም። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ ፈንታ የሚናገርልን ጭቃው ነበር፣ ከጭቃው የተረፈውን ደግሞ እናቷ። እኔ ማጉረምረም ብቻ ነው የማውቀው።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ሳልታጠብ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ደህና ገባህ?»

«ገባሁ።»

«መንገዱስ?»

«ጥሩ ነው።» ልትዘጋው እንደሆነ ገባኝ። «ስሚኝ፣ ስትመጪ ቦርሳሽን ስቀይው» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ምስማሩ አለ እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀጥኖ።

ቀና ብዬ አየሁት። «አለ» አልኳት። ውጭ ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ አንድ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በደጄ በኩል ሳይቆም አለፈ።